ዲቃላ ወይስ አዲስ ዝርያ? ጠላቂ ዳክዬዎችን የመለየት ታሪክ

መግቢያ

አንድ ገበሬ ግንባሩ ነጭ የሆነ ጥጃ ቢወለድለት «ቦቃ» ይለዋል። አመድ የመሰለውን «ዳለቻ»፣ ፈዘዝ ያለውን «ቡላ» እያለ ከብቶቹን በየመልካቸው ይጠራቸዋል። ይሁን እንጂ መልኩ ከመንጋው ስለተለየ ብቻ ቦቃው በሬ ከበሬነት ወጥቶ ሌላ ፍጥረት ሆኗል ብሎ የሚያስብ ገበሬ የለም፤ የወለደችውን ላም ያውቃል፣ ኮርማውም ከየትኛው ዘር እንደሆነ አይጠፋውምና። የዱር አዕዋፍን የሚያጠና ሰው ግን ይህ ዕውቀት የለውም። በሐይቅ ላይ ያየው ዳክዬ እናቱ ማን፣ አባቱስ ማን እንደሆነ የሚነግረው ምስክር አያገኝም። በእጁ ያለው ማስረጃ ላባው፣ ምንቃሩ፣ ዐይኑና የአካሉ ቅርጽ ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት ልዩ መልክ ያለው አንድ ዳክዬ በታየ ቁጥር ተመልካቹ ከሦስት ጥያቄዎች ፊት ይቆማል። ይህ ወፍ ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ዝርያ ነውን? የሁለት ዝርያዎች ዲቃላ ነውን? ወይስ ዘወትር የምናየው ዝርያ ሆኖ በዕድሜ፣ በወራት ለውጥ ወይም በቀለም ጉድለት ምክንያት መልኩን የቀየረ ነው?

ይህ ጽሑፍ ባለፉት ሁለት መቶ ዓመታት ውስጥ ሊቃውንት ለእነዚህ ጥያቄዎች የሰጧቸውን መልሶች፣ የተሳሳቱባቸውን ምክንያቶችና ከስሕተቱ የተገኘውን ትምህርት በአጭሩ ለመዳሰስ የታሰበ ነው። ጉዳዩ ለመዝናኛ ብቻ የሚነሣ እንዳልሆነ፣ ከአንዳንድ ዝርያዎች ሕልውና ጋር የተያያዘ መሆኑን ወደ ኋላ ላይ እናያለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በተለምዶ አነጋገራችን እነዚህን አዕዋፍ ሁሉ «ዳክዬ» ብለን በአንድነት ስለምንጠራቸው፣ ለአንባቢው ያመች ዘንድ መልካቸውን የሚገልጹ ስሞች ሰጥተናቸዋል። «ዲቃላ» የሚለውም ቃል በሰው ላይ ሲነገር የስድብ ትርጉም ያለው ቢሆንም፣ እዚህ ላይ ከሁለት የተለያዩ ዝርያዎች የተወለደ ማለት ብቻ ነው።

ጠላቂ ዳክዬዎች እነማን ናቸው?

ዳክዬዎች እንደ አመጋገባቸው በሁለት ታላላቅ ክፍሎች ይመደባሉ። የመጀመሪያዎቹ ጅራታቸውን ወደ ላይ አንሥተው አንገታቸውን ብቻ በመድፈቅ ከውኃው ገጽ አጠገብ ይመገባሉ። ሁለተኞቹ መላ አካላቸውን አስጥመው ከሐይቁ ሥር ሣር፣ ዘር፣ ቀንድ አውጣና ትል ይለቅማሉ። የእነዚህ የኋለኞቹ እግሮች ወደ ጅራታቸው የተጠጉ በመሆናቸው ለመዋኘትና ለመጥለቅ ሲረዷቸው፣ በምድር ላይ ሲራመዱ ግን ያስቸግሯቸዋል፤ ለመብረርም በውኃው ላይ ጥቂት መንደርደር አለባቸው።

ከጠላቂዎቹ መካከል ለመለየት እጅግ አስቸጋሪ የሆኑት በሳይንስ ስሙ አይትያ በሚባለው ወገን ውስጥ የሚገኙት 12 ዝርያዎች ናቸው። ለዚህ ጽሑፍ የሚያስፈልጉንን ጥቂቶቹን እናስተዋውቅ። «ቀይ ራስ» የምንለው በአውሮፓውያን ዘንድ ፖቻርድ የሚባለው ሲሆን፣ የወንዱ ራስ ቀይ ቡኒ፣ ደረቱ ጥቁር፣ ጀርባውና ጎኑ ዳለቻ፣ ዐይኑም ቀይ ነው። «ጉትዬ» የምንለው ከማጅራቱ ላይ የተንጠለጠለ የላባ ጉትዬ ያለው፣ አካሉ ጥቁር፣ ጎኑ ነጭ፣ ዐይኑ ቢጫ የሆነው ነው። «ስኮፕ» የሚባለው የሰሜን ባሕር ዳርቻ ወፍ ጉትዬ የለውም፤ ጀርባውም በጥቁርና በነጭ ረቂቅ መስመሮች የተሸለመ ነው። የአሜሪካው «ትንሹ ስኮፕ» ይህንኑ ይመስላል። «ዝገት መልክ» የምንለው መላ አካሉ የዛገ ብረት የመሰለ፣ ከጅራቱ ሥር ነጭ፣ የወንዱም ዐይን ነጭ የሆነው ነው። በመጨረሻም በሰሜን አሜሪካ የሚኖረው «አንገተ ቀለበት» አለ።

እነዚህ ዝርያዎች በመልክ የተቀራረቡ፣ ክረምታቸውን በአንድ ሐይቅ ላይ በአንድነት የሚያሳልፉ፣ አንዳንዶቹም በአንድ ረግረግ ውስጥ ጎን ለጎን የሚራቡ ናቸው። የችግሩ ሁሉ ሥር ከዚህ ላይ ነው።

ከገበያ የተገኘው ዝርያ

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ ፍጥረታትን በሁለት ቃላት የመሰየምን ሥርዓት ባቋቋመ ጊዜ፣ ቀይ ራስንና ጉትዬን በ1758 ባሳተመው መጽሐፉ ውስጥ አስገብቷቸዋል። ከእርሱ በኋላ የተነሡ ሊቃውንት ያልተሰየመ ፍጥረት ማግኘት ታላቅ ክብር ስለነበረ እያንዳንዱን ልዩ ናሙና በጉጉት ይመረምሩ ነበር። የሩቅ ማሳያ መነጽር እምብዛም ባልነበረበት በዚያ ዘመን ወፍ የሚጠናው ተገድሎ በእጅ ከተያዘ በኋላ ነው። ስለሆነም የአዕዋፍ ተመራማሪዎች ከሚያዘወትሯቸው ስፍራዎች አንዱ የሥጋ ገበያ ነበር። አዳኞች ከየረግረጉ የገደሏቸውን ዳክዬዎች ለሽያጭ ሲያቀርቡ፣ ተመራማሪዎቹ ደግሞ ከሬሳው ክምር መካከል እንግዳ መልክ ያለውን ይፈልጋሉ።

በ1801 በለንደን ከተማ በሌደንሆል ገበያ አንድ እንዲህ ያለ ወንድ ዳክዬ ተገኘ። ከሊንከንሺር ረግረግ የመጣ ነው ተባለ። ኤድዋርድ ዶኖቫን የተባለው ጸሐፊና ሠዓሊ ይህን ወፍ በ1809 በሥዕል አስደግፎ አናስ ኮላሪስ ሲል ሰየመው፤ ትርጉሙም ባለ አንገት ቀለበት ዳክዬ ማለት ነው። ስሙ የተሰጠው በአንገቱ ዙሪያ ካለው ቀጭን ቀይ ቡኒ ቀለበት የተነሣ ነበር። ይህ ቀለበት ወፉ ሞቶ በእጅ ከተያዘ በደንብ ይታያል፤ በሐይቅ ላይ የሚዋኘውን ወፍ የሚመለከት ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ አያየውም። የአሜሪካ አዳኞች በአንገቱ ፈንታ በምንቃሩ ላይ ባለው ነጭ ቀለበት ይጠሩታል። ስሙ ራሱ በዚያ ዘመን የነበረውን የጥናት ዘዴ ይመሰክራል።

በአትላንቲክ ማዶ ደግሞ ተቃራኒው ስሕተት ተፈጸመ። የአሜሪካ አዕዋፍ ጥናት አባት ከሚባሉት አንዱ የሆነው አሌክሳንደር ዊልሰን ይህንኑ ዳክዬ በአገሩ ብዙ ጊዜ ቢያየውም፣ የአውሮፓው ጉትዬ መስሎት በመጽሐፉ ውስጥ በዚያው ስም ሥሎ አሳተመው። ሁለቱ ወፎች የተለያዩ መሆናቸውን አስተውሎ በ1824 ሌላ ስም የሰጠው ቻርልስ ሉስየን ቦናፓርት ነበር፤ ሆኖም የዶኖቫን ስም ቀደም ብሎ ስለወጣ ቀዳሚነቱን እንደያዘ ቀረ። እንግዲህ በእንግሊዝ የነበረው ሰው አንድ ሬሳ አይቶ ልዩ ዝርያ መሆኑን ሲያውቅ፣ ወፉ በብዛት በሚኖርበት አገር የነበረው ሊቅ ግን ከለመደው ስም ጋር አቆራኝቶት አለፈ። አንድን ነገር ደጋግሞ ማየት ብቻውን ለመለየት እንደማይበቃ ከዚህ እንረዳለን።

የሚያስገርመው ደግሞ፣ ዝርያው ስሙን ያገኘው ከእንግሊዝ ናሙና ሆኖ ሳለ ያ ናሙና በእንግሊዝ አዕዋፍ መዝገብ ላይ እንደ መጀመሪያ ማስረጃ አልተቆጠረም። ከገበያ የተገዛ ወፍ በእርግጥ የት እንደተገደለ ማረጋገጥ አይቻልምና። በመዝገቡ የመጀመሪያው ሆኖ የተቀመጠው በ1955 በስሊምብሪጅ የታየው ነው። ከዚያ ወዲህ ይህ የአሜሪካ ዳክዬ በራሱ ክንፍ ውቅያኖሱን እንደሚሻገር ተረጋግጧል፤ በ1967 በምሥራቅ ካናዳ እግሩ ላይ ቀለበት የተደረገለት አንድ ወፍ በዚያው ዓመት በዌልስ ተገኝቷል። የዶኖቫን ወፍም በእርግጥ ከሊንከንሺር የመጣ ሊሆን ይችል ነበር ማለት ነው።

ዝርያ መስሎ የነበረው ዲቃላ

ዶኖቫን ዝርያውን ከሰየመ 38 ዓመት በኋላ፣ በ1847፣ አብርሃም ዲ ባርትሌት የተባለው ሰው ለለንደን የእንስሳት ጥናት ማኅበር ሌላ ልዩ ዳክዬ አቀረበ። ባርትሌት ቆዳ በመሙላት ሙያ የታወቀ፣ እንስሳትን በቅርብ የሚያውቅ፣ ከ1859 ጀምሮም የለንደን የእንስሳት ማሳያ ስፍራ ዋና ኃላፊ ለመሆን የበቃ ነው። ያቀረበው ወፍ ቀይ ራስን ቢመስልም ዝገት መልክን የሚያስታውሱ ምልክቶችም ነበሩት። ባርትሌት ፉሊጉላ ፌሪኖይደስ ብሎ ሰየመው፤ ቀይ ራስን የሚመስል ማለት ነው። የእንግሊዝ መጻሕፍትም «የፓጄት ፖቻርድ» እያሉ ይጠሩት ጀመር። በ1852 ጀርመናዊው ባዴከር ይህንኑ ዓይነት ወፍ አዲስ ዝርያ አድርጎ፣ ለአገሩ ሊቅ ለሆማየር መታሰቢያ የሚሆን ሌላ ስም ሰጠው።

ሁለት በሙያቸው የታወቁ ሰዎች በሁለት አገር አንድ ዓይነት ወፍ ማግኘታቸው የዝርያውን እውነተኛነት የሚያጸና ይመስል ነበር። ነገር ግን ጊዜው እያለፈ ሲሄድ አንዳንድ ጥያቄዎች መነሣታቸው አልቀረም። ይህ «ዝርያ» የሚራባበት አገር የት ነው? መንጋውስ ለምን አይታይም? ናሙናዎቹ አንድ በአንድ እንጂ በኅብረት የማይገኙት ስለ ምንድን ነው? ከሁሉም በላይ ደግሞ እያንዳንዱ ምልክቱ ከሁለቱ የታወቁ ዝርያዎች መካከል ላይ የሚያርፍ ሆኖ ተገኘ። ጀርባው ከቀይ ራስ የጠቆረ፣ ከዝገት መልክ ግን የነጣ ነው፤ ዐይኑም ከቀይና ከነጭ መካከል ነው። በመጨረሻ የቀይ ራስና የዝገት መልክ ዲቃላ መሆኑ ታወቀ፤ ሁለቱም ስሞች ከዝርያዎች መዝገብ ተሠረዙ።

የዶኖቫንና የባርትሌት ወፎች ጎን ለጎን ሲታዩ ትምህርታቸው ጎልቶ ይወጣል። ሁለቱም የታወቁትን ዝርያዎች አይመስሉም ነበር። ሁለቱንም ያቀረቧቸው ሰዎች ታማኞችና አስተዋዮች ነበሩ። ሆኖም አንዱ እውነተኛ ዝርያ፣ ሌላው ዲቃላ ሆኖ ተገኘ። አንገተ ቀለበት የራሱ የሆኑ፣ በሌላ በማንም ዘንድ የማይገኙ ምልክቶች አሉት፤ የፓጄት ፖቻርድ ግን ከሁለት ወላጆች ከተዋሰው በቀር የራሱ የሆነ አልነበረውም። ባለሙያዎች ዛሬም ቢሆን አንድን እንግዳ ዳክዬ ሲመረምሩ በመጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው።

የትንሹ ስኮፕ ጥያቄ

በሃያኛው ክፍለ ዘመን ጥሩ መነጽር እየተስፋፋ ሲሄድ ጠመንጃ በአዕዋፍ ጥናት ውስጥ የነበረው ቦታ እየቀነሰ መጣ። በዴንማርካዊው መምህር በሞርተንሰን በ1899 የተጀመረው የአዕዋፍን እግር በቁጥር ቀለበት የማሰር ዘዴም ስለ ጉዟቸው እርግጠኛ ማስረጃ አስገኘ። ወፉን ሳይገድሉ ማጥናት መልካም ነገር ቢሆንም፣ አዲስ ችግር ይዞ መጣ። ወፉ በእጅ ስለሌለ አከራካሪ ሲሆን ተመልሶ መመርመር አይቻልም።

በብሪታንያ ሐይቆች ላይ ራሳቸው የጠቆረ፣ ጀርባቸው ዳለቻ፣ ጎናቸው የነጣ ዳክዬዎች አልፎ አልፎ እየታዩ «የአሜሪካው ትንሹ ስኮፕ ነው» የሚል ወሬ ይነሣ ነበር። የኦክስፎርዱ ሊቅ ክሪስቶፈር ፔሪንስ በ1961 ባሳተመው ጽሑፍ ይህን ጥያቄ በዝርዝር መረመረው። በ1966 ደግሞ ጊልሃምና ሁለቱ ሃሪሰኖች በዚህ ወገን ዲቃላዎች ላይ ሰፊ ጥናት አወጡ። የጥናቶቹ ፍሬ ነገር ለተመልካቾች አስደንጋጭ ነበር፤ ጉትዬና ቀይ ራስ ሲዳቀሉ የሚወለደው ወንድ ወላጆቹን ሳይሆን ትንሹን ስኮፕ ይመስላል። የጥቁሩ ጀርባና የዳለቻው ጀርባ ቅልቅል ረቂቅ መስመሮችን ያወጣል፤ የጥቁሩና የቀዩ ራስ ቅልቅል ወይን ጠጅ የሚያብለጨልጭ ጥቁር ራስ ያስገኛል፤ የነጩና የዳለቻው ጎን ቅልቅል ደግሞ ፈዛዛ ጎን ይሆናል። እንዲህ ባለ መንገድ ሁለት የአውሮፓ ወፎች አንድ አሜሪካዊ የሚመስል ልጅ ይወልዳሉ።

ታዲያ እንዴት ይለያሉ? መልሱ የተገኘው ከትላልቆቹ ምልክቶች ሳይሆን ከትናንሾቹ ነው። በትንሹ ስኮፕ ምንቃር ጫፍ ላይ ያለው ጥቁር ቀለም ጥፍር ከምትመስለው ጠባብ ክፍል አያልፍም። በዲቃላው ላይ ግን ጥቁሩ ከጥፍሯ አልፎ ወደ ግራና ቀኝ ይሰፋል፤ ሁለቱም ወላጆቹ ሰፊ ጥቁር ጫፍ አላቸውና። ክንፉ ሲዘረጋ ደግሞ ትንሹ ስኮፕ በውስጠኛው ክፍል ላይ ጥርት ያለ ነጭ መስመር ያሳያል፤ የቀይ ራስ ክንፍ መስመር ዳለቻ ስለሆነ የዲቃላውም መስመር ይደበዝዛል። የትንሹ ስኮፕ ማጅራት ላይ ትንሽ ጉብታ አለች፤ በዲቃላው ላይ የጉትዬ ርዝራዥ ሊታይ ይችላል። የዲቃላው ዐይን አንዳንድ ጊዜ ከቢጫ ይልቅ ወደ ብርቱካን ያደላል።

በእነዚህ መለኪያዎች ተመርምሮ ያለ ጥርጥር ትንሹ ስኮፕ ነው የተባለው የመጀመሪያው ወፍ በብሪታንያ የተመዘገበው በ1987 በስታፎርድሺር በቼዝወተር ነው። ከፔሪንስ ጽሑፍ እስከዚህ ቀን 26 ዓመታት አልፈዋል። አንዳንድ ሰዎች ይህን የመሰለ ጥንቃቄ ግትርነት አድርገው ሊቆጥሩት ይችሉ ይሆናል። ዳሩ ግን ዲቃላው በሚገባ ከታወቀ በኋላ የተመዘገበው አንድ ወፍ፣ ዲቃላው ሳይታወቅ ከተመዘገቡ ብዙ ወፎች ይልቅ ለሳይንስ ይጠቅማል።

ዲቃላም እንግዳም ያልሆኑ

ልዩ መልክ ያለው ሁሉ ዲቃላ ነው ማለት ግን ሌላው ስሕተት ነው። አንዳንዶቹ የጉትዬ ሴቶች በምንቃራቸው ሥር ሰፊ ነጭ ቀለም ስላላቸው ሴት ስኮፕ ይመስላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ከጅራታቸው ሥር ነጭ ስለሆኑ ከሩቅ ለሚያያቸው ዝገት መልክ ናቸው ያሰኛሉ። ሆኖም ዝርያቸው ጉትዬ ነው። ወንዶቹ ከርቢ በኋላ የጌጥ ላባቸውን ጥለው ሴት የሚያስመስላቸውን ደብዛዛ ላባ ይለብሳሉ፤ የክንፋቸውም ላባ በአንድ ጊዜ ስለሚረግፍ ለሳምንታት ያህል መብረር አይችሉም። የዓመቱ ጫጩቶችም ሙሉ መልካቸውን ቀስ በቀስ እንጂ በአንድ ጊዜ አይለብሱም።

ከዚህም ሌላ የቀለም ጉድለት አለ። ላባን የሚያጠቁረው ንጥረ ነገር በከፊል ሲጎድል ወፉ እዚህም እዚያም ነጭ ይረጭበታል፤ ሲበዛ ደግሞ ከተለመደው በላይ ይጠቁራል። ብረት ባለበት ውኃና ጭቃ ውስጥ የሚመገብ ወፍ ነጭ ሆዱ ዝገት ይለብሳል፤ ይህ ቀለም ከተፈጥሮው ሳይሆን ከውጭ የመጣ ስለሆነ ላባው ሲቀየር ይጠፋል። በአጠቃላይ ሲታይ የዲቃላ ምልክቶች በግራና በቀኝ እኩል የሆኑና በሁለት ወላጆች ሊብራሩ የሚችሉ ናቸው። የቀለም ጉድለት ግን ብዙውን ጊዜ ሥርዓት የለውም፤ የምንቃርንና የራስን ቅርጽም አይለውጥም። ስለዚህ ቀለሙ ሲያደናግር ወደ ቅርጹ መመለስ ይገባል።

መዳቀል ስለ ምን?

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ ዳክዬዎች ከሌሎች አዕዋፍ ይበልጥ ለምን እንደሚዳቀሉ መጠየቅ ተገቢ ነው። በዳክዬና በዝይ ቤተሰብ ውስጥ ከ400 የሚበልጡ የመዳቀል ዓይነቶች ተመዝግበዋል፤ ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ የታዩት ሰው በሚያረባቸው አዕዋፍ ላይ ነው። አንዱ ምክንያት የዝርያዎቹ ዝምድና መቅረብ ነው። ሌላው ደግሞ የጎጆ ነገር ነው። የጠላቂ ዳክዬ ሴቶች አንዳንድ ጊዜ እንቁላላቸውን በሌላ ዝርያ ጎጆ ውስጥ ይጥላሉ። ከእንቁላሉ የተፈለፈለው ጫጩት እንጀራ እናቱን እንደ እናት፣ ዝርያዋንም እንደ ዝርያው ቆጥሮ ያድጋል፤ ለአቅመ መራባት ሲደርስም የትዳር ጓደኛውን ከዚያው ወገን ይፈልጋል። አንድ ዝርያ በአንድ አካባቢ ቁጥሩ ሲመነምንም የራሱን ወገን ያጣው ወፍ ከሌላው ጋር ይጣመራል።

እንግሊዛዊው ሆልዴን በ1922 እንዳመለከተው፣ ከተዳቀሉ ልጆች መካከል አንደኛው ጾታ ቢጠፋ ወይም ቢመክን፣ ያ ጾታ ሁለት የተለያዩ የጾታ ክሮሞሶሞች ያሉት ይሆናል። በአዕዋፍ ዘንድ ይህ ጾታ ሴቷ ናት። ሴት ዲቃሎች ከወንዶቹ ይልቅ በጥቂቱ የሚመዘገቡት በከፊል በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ በከፊል ግን ሴቶቹ ሁሉ ቡናማ ስለሆኑ ስለማይለዩ ነው። ዛሬ የላባ ዲ ኤን ኤ በመመርመር ብዙ ጥርጣሬ ይወገዳል። ይሁን እንጂ ይህም ዘዴ ጥንቃቄ ይሻል፤ ሚቶኮንድሪያ በሚባለው የሕዋስ ክፍል ውስጥ ያለው ዲ ኤን ኤ የሚወረሰው ከእናት ብቻ ስለሆነ፣ እርሱን ብቻ የመረመረ ሰው የዲቃላውን አባት ሳያውቅ ይቀራል።

ስሕተት የሚያስከፍለው ዋጋ

እስካሁን ያነሣነው የስም ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። የሚከተሉት ሦስት ታሪኮች ግን ነገሩ ከዚያ እንደሚያልፍ ያስረዳሉ።

የመጀመሪያው የነጭ ራስ ዳክዬ ታሪክ ነው። ይህ ደንዳና ጅራቱን አቁሞ የሚዋኝ ጠላቂ ዳክዬ በስፔን በ1977 ወደ 22 ወፎች ዝቅ ብሎ ነበር። አደንን በመከልከልና ረግረጎችን በመጠበቅ ቁጥሩ ማንሰራራት እንደጀመረ ሌላ ጠላት መጣበት። በ1948 ከአሜሪካ ወደ እንግሊዝ ለማርባት የገባው የቅርብ ዘመዱ፣ ቀይ መልክ ያለው ዳክዬ፣ ልጆቹ ከማርቢያው አምልጠው በዱር ተራቡ፤ በ2000 አካባቢ በብሪታንያ ወደ 6000 ደርሰው ነበር። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ወደ ስፔን ወርደው ከነጭ ራሱ ጋር ተዳቀሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ዲቃሎች በ1991 ታወቁ። እነዚህ ዲቃሎች ራሳቸው የሚወልዱ ስለሆኑ፣ ሁኔታው በዝምታ ቢታለፍ የነጭ ራሱ ዝርያ በዘር ቅልቅል ሊጠፋ ይችል ነበር። ከ2005 ጀምሮ በብሪታንያ የተካሄደው የማስወገድ ዘመቻ ብዙ ክርክር ያስነሣ ቢሆንም፣ እንግዳው ዝርያ ከሞላ ጎደል ከዚያች አገር ጠፍቷል። በስፔን ሐይቆች ላይ ነጭ ራሱን፣ እንግዳውንና ዲቃላውን የመለየቱ ኃላፊነት የወደቀው በተመልካቹ ዐይን ላይ ነበር። ከተሳሳተ የሚሞተው ሊጠበቅ የሚገባው ወፍ ነው።

ሁለተኛው በምሥራቅ እስያ የሚኖረው የቤር ፖቻርድ ነው። ከ2012 ጀምሮ እጅግ አስጊ በሆነ ሁኔታ ላይ እንዳለ ተመዝግቧል፤ በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ወፎች አንድ ሺህ እንደማይሞሉ ይገመታል። ይህ ወፍ በቻይና ከዝገት መልክ ጋር በአንድ ረግረግ ውስጥ ሲራባ ዲቃሎች ይወለዳሉ። ዲቃላው እንደ ንጹሕ ዝርያ ከተቆጠረ የወፉ ቁጥር ካለው በላይ ይመስላል፤ እርዳታውም ይዘገያል። ንጹሑ ዝርያ እንደ ዲቃላ ከተቆጠረ ደግሞ ሊጠበቅ የሚገባው ረግረግ ሳይጠበቅ ይቀራል።

ሦስተኛው የማዳጋስካር ፖቻርድ ነው። ዝገት መልክን እጅግ የሚመስለው ይህ ወፍ በ1991 አንድ ወንድ በአላኦትራ ሐይቅ ከተያዘ በኋላ ሳይታይ ስለቆየ ብዙዎች ጠፍቷል ብለው ነበር። በ2006 በሰሜን ማዳጋስካር በአንድ ሩቅ ሐይቅ ላይ ጥቂት ወፎች ተገኙ። ከ2009 ወዲህ በሰው ጥበቃ እንዲራባ ተደርጎ፣ በ2018 ወፎች በሶፊያ ሐይቅ ላይ ተለቅቀዋል። ያንን ቡናማ ዳክዬ በጥንቃቄ የተመለከቱ ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር።

በአገራችን ሐይቆች ላይ

ቀይ ራስ፣ ጉትዬና ዝገት መልክ የአውሮፓንና የእስያን ብርድ ሸሽተው ወደ ኢትዮጵያ ሐይቆችና ረግረጎች ይመጣሉ። ከእነርሱ ጋር በአገራችን የሚኖረው የደቡብ ፖቻርድ አለ፤ ወንዱ ጠቆር ያለ ቡናማ፣ ዐይኑም ቀይ ስለሆነ ልምድ የሌለውን ተመልካች ያሳስታል። በቢሾፍቱ አካባቢ ባሉት ሐይቆችና በሌሎችም ስፍራዎች የሚታየው ማኮዋ ዳክዬ ደግሞ ከላይ የተነገረለት የነጭ ራሱ የቅርብ ዘመድ ሲሆን፣ በአፍሪካ ውስጥ እርሱም ቁጥሩ እየቀነሰ የመጣ ነው። በስፔን የደረሰው በእርሱም ላይ እንዳይደርስ ከሌላ አገር የሚመጣ ዘመዱ እንዳይገባ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

በ1967 የተጀመረው ዓለም አቀፍ የውኃ አዕዋፍ ቆጠራ በአፍሪካ ደረጃ ከ1991 ጀምሮ ሲካሄድ ቆይቷል። ጥር ወር በገባ ጊዜ በሐይቅ ዳር መነጽር ይዞ የሚቆም የሙያ ጓደኛችን ከእነዚህ መንጋዎች መካከል አንድ የማይታወቅ ዳክዬ ቢያይ ምን ያድርግ? የታሪኩ ምክር ግልጽ ነው። በመጀመሪያ መጽሐፍ ሳይገልጥ ያየውን ይጻፍ፤ የምንቃሩን ጫፍ፣ የዐይኑን ቀለም፣ የራሱን ቅርጽ፣ የጀርባውንና የጎኑን መልክ፣ ክንፉ ሲዘረጋ የታየውን መስመር አንድ በአንድ ያስፍር። ቢችል ፎቶግራፍ ያንሣ፤ ባይችል በእርሳስ ይንደፍ። ቀጥሎ ከገመተው ስም ጋር የማይስማማውን ምልክት አይደብቅ፤ ይልቁንም ከሁሉ አስቀድሞ ይመዝግበው። በመጨረሻም ማስረጃው ካልበቃ «ያልተለየ ጠላቂ ዳክዬ» ብሎ መጻፍን እንደ ውርደት አይቁጠረው።

ዊልሰን አንገተ ቀለበትን በተሳሳተ ስም ቢጠራውም ሥዕሉን ትቶልን ስላለፈ ሌላው አርሞታል። ባርትሌት ዲቃላውን አዲስ ዝርያ ቢለውም ያየውን ምልክት በዝርዝር ስለጻፈ ስሕተቱ በራሱ ቃል ተገኝቷል። ምልክቱን ሳይጽፍ ስሙን ብቻ አስፍሮ ያለፈውን ተመልካች ግን ማንም ሊያርመው አይችልም፤ ትክክል ቢሆን እንኳ የሚያምነው የለም። በየዓመቱ በሐይቆቻችን ዳር የሚጻፉት የቆጠራ ደብተሮች ከሃምሳ ዓመት በኋላ ለሚመጡት ባለሙያዎች ብቸኛ ምስክሮች ይሆናሉ። ስለዚህ ከስሙ በፊት ምልክቱ ይጻፍ።